ከባሕር የሚገኘውን ኀይል ከነጥቅሙ ከነጉዳቱ ስለ መመዘን

የሰው ልጅ ኀይልን ሳይፈልግ የኖረበት ዘመን የለም። በመጀመሪያ በገዛ ጡንቻው፥ ቀጥሎም በበሬና በፈረስ ጕልበት፥ ከዚያም በእንጨትና በድንጋይ ከሰል እሳት፥ በኋላም በነዳጅ ዘይት ሲሠራ ኖሮ ዛሬ ዐይኑን ወደ ባሕር አዙሯል። ባሕር ቀንና ሌሊት ዕረፍት የለውም፤ በጨረቃና በፀሐይ ስበት ይሞላል፥ ይጐድላል፤ በነፋስም ይናወጣል። ይህ ሁሉ እንቅስቃሴ ወደ ኤሌክትሪክ ቢለወጥ ጭስ የሌለው፥ ዐመድ የማይተው፥ ተቆፍሮ የማያልቅ ኀይል ይሆናል ይባላል። አባባሉም ውሸት አይደለም።

ዳሩ ግን «ጭስ የለውም» ማለትና «ጉዳት የለውም» ማለት አንድ አይደለም። በክፍላችን ስለዚህ ጉዳይ ክርክር በተደረገ ጊዜ ግማሾቻችን ባሕር የዓለምን ችግር ሁሉ ያቃልላል አልን፤ ግማሾቻችን ደግሞ ብረት ወደ ባሕር ከገባ ዓሣ ሁሉ ያልቃል አልን። ከሁለቱም ወገን «ይህን ማን ለካው? እንዴትስ ለካው?» ብሎ የጠየቀ አልተገኘም። ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝም ይኸው ነው። አሳቤን በአጭሩ ለመናገር፥ ሳይለኩ ማመስገንም ሳይለኩ መፍራትም እኩል ስሕተት ናቸው። ከባሕር ኀይል መውሰድ ይገባል፤ ነገር ግን የሚወስደው ሰው አስቀድሞ መቍጠር፥ በትንሹ መጀመር፥ ሳይታክት መጠበቅና ጉዳት ሲያይም ማቆም አለበት። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ የባሕርን ኀይል ለምን እንደምንሻ መዘንጋት አይገባም። የሰው ልጅ ከሰልና ዘይት ሲያቃጥል ወደ አየር ከሚለቀው ካርቦን ዳዮክሳይድ ሩብ ያህሉን የሚቀበለው ባሕር ነው። በዚሁ ምክንያት በምድር ላይ ከተጠራቀመው ትርፍ ሙቀትም ከመቶ ዘጠና እጅ በላይ የገባው ወደ ባሕር ነው። ስለዚህ ውሃው እየሞቀ ከመሄዱም በላይ አሲድነቱ ይጨምራል፤ ቅርፊት የሚሠሩ ፍጥረታትና ዛጐሎች ይቸገራሉ። በአውስትራልያ ጠረፍ የሚገኘው ታላቁ የኮራል ድንጋይ በ2016፥ በ2017፥ በ2020፥ በ2022 እና በ2024 ከሙቀት የተነሣ በሰፊው ነጥቷል። እንግዲህ «ለባሕሩ ሲባል ምንም መሣሪያ አይግባበት» የሚል ሰው፥ ባሕሩ ዛሬም ቢሆን በሰላም የተቀመጠ አለመሆኑን ማወቅ አለበት።

ለታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ግልጽ እንዲሆን የኀይሉን ዓይነቶች ባጭሩ ልዘርዝር። አንደኛው በወንዝ አፍ ላይ ግድብ ሠርቶ ባሕሩ ሲሞላ የገባውን ውሃ ሲጐድል በተርባይን ማሳለፍ ነው። ሁለተኛው ግድብ ሳይሠሩ፥ በጠባብ የባሕር መተላለፊያ ፈጥኖ የሚፈስሰው ውሃ የሚያዞረው ተርባይን መትከል ነው። ሦስተኛው የሞገዱን መነሣትና መውደቅ መጠቀም ነው። አራተኛውና ዛሬ ከሁሉ የበዛው ደግሞ በባሕር ውስጥ ዐምድ ተክሎ በነፋስ የሚዞር መሣሪያ ማቆም ነው። እያንዳንዱ የየራሱ ጥቅምና የየራሱ ጉዳት አለው።

ከግድቡ እንጀምር። በፈረንሳይ አገር፥ በብሪታኒ ክፍል፥ በሴን ማሎና በዲናር ከተሞች መካከል ራንስ የሚባል ወንዝ ወደ ባሕር ይገባል። በዚያ ቦታ ባሕሩ ሲሞላና ሲጐድል ያለው ልዩነት አንዳንድ ጊዜ 13 ሜትር ተኩል ይደርሳል፤ ይህም የባለ አራት ፎቅ ቤት ቁመት ያህል መሆኑ ነው። ፈረንሳዮች በወንዙ አፍ 750 ሜትር ርዝመት ያለው ግድብ ሠርተው፥ እያንዳንዳቸው 10 ሜጋዋት የሚያመነጩ 24 ተርባይኖች ተከሉበት። ፕሬዚዳንት ደጎልም ኅዳር ወር 1966 ላይ መርቀው ከፈቱት። በዓለም የመጀመሪያው ትልቅ የባሕር ሙላት ማመንጫ ይኸው ነው፤ ኢንጂነሮቹም በእውነት የሚደነቅ ሥራ ሠርተዋል።

ነገር ግን ሥራውን በደረቅ መሬት ላይ ለማካሄድ ሲባል የወንዙ አፍ ከ1963 ጀምሮ ሦስት ዓመት ያህል ከባሕሩ ተለይቶ ተዘጋ። የባሕሩ ውሃ እንደ ወትሮው መግባትና መውጣቱን ስለ ተወ ጨውነቱ ቀነሰ፤ ደለል ተቀመጠ፤ በዚያ የነበሩት የባሕር እንስሳትና ዕፀዋትም ፈጽመው ጠፉ ለማለት የሚያስደፍር ሆነ። ግድቡ ከተከፈተ በኋላ ሕይወት ተመልሷል፤ ለመመለስ ግን ዐሥር ዓመት ያህል ፈጅቶበታል። የተመለሰውም የቀድሞው አይደለም። በአሸዋ ውስጥ የሚኖሩና ጠፍጣፋ የሆኑ አንዳንድ ዓሦች ሲቀንሱ ሌሎች በዙ፤ አዲሱም ሚዛን የግድቡ በሮች በሚከፈቱበትና በሚዘጉበት ሰዓት ላይ የተመሠረተ ሆነ።

እኔን ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ይህ ጥፋት ብቻ አይደለም። ሥራው ከመጀመሩ በፊት በወንዙ አፍ ስለሚኖረው ሕይወት የተሟላ ጥናት አልተደረገም ነበር። ከብቱን ያልቈጠረ ባለቤት አንድ ማለዳ በረቱ ጎድሎ ቢያገኘው ስንት እንደ ጠፋበት ሊናገር አይችልም፤ የራንስም ነገር እንደዚሁ ነው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው የአባቶቻችን ተረት እዚህ ላይ ይሠራል፤ እንዲያውም የፈሰሰው ስንት እንደ ነበረ ስላልታወቀ ለቃሚው መቼ ማቆም እንዳለበት አያውቅም።

ለግድቡ ሠሪዎች ፍርድ ስንሰጥ ግን ዘመናቸውን ማየት ተገቢ ነው። አንድ ትልቅ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በአካባቢው ላይ የሚያመጣው ለውጥ ተጠንቶ በጽሑፍ ይቅረብ የሚለው ሕግ በአሜሪካ የጸናው በ1970 መጀመሪያ ነው። ፈረንሳይም ተመሳሳዩን ሕግ ያወጣችው በ1976 ሲሆን፥ የአውሮጳ ማኅበር መንግሥታት የጋራ መመሪያ ያወጡት በ1985 ነው። ሕጉ ከግድቡ በኋላ መጣ ማለት ነው። እኛ ግን ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የመጣን ስለ ሆንን በዚህ ማመካኘት አንችልም።

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን እንመልከት። በደቡብ ኮርያ ሲህዋ በሚባል ቦታ በ1994 12.7 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የባሕር ግንብ ተሠርቶ ከውስጡ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ተፈጠረ። የታሰበው ለእርሻ የሚሆን ጨው አልባ ውሃ ለማግኘት ነበር። ነገር ግን ከፋብሪካና ከከተማ የሚወጣው ፍሳሽ ወደ ሐይቁ ገብቶ መውጫ ስላጣ ውሃው ተበላሸ፥ ሸተተ፤ ለእርሻ የሚሆን ውሃ የማግኘቱም አሳብ ቀረ። በኋላ በግንቡ ላይ ተርባይኖች ተተክለው በ2011 ሥራ ጀመሩ። ኀይላቸው 254 ሜጋዋት ሲሆን ከራንስ ይበልጣል። ባሕሩ በተርባይኖቹና በበሮቹ በኩል እየገባና እየወጣ ስለ ሄደ የሐይቁ ውሃ ጥራት ተሻሻለ።

አንባቢ ሆይ፥ የእነዚህን የሁለቱን ታሪክ አስተያይ። መሣሪያው በዓይነቱ አንድ ነው፤ በራንስ ሕያው የነበረውን የወንዝ አፍ አቋረጠ፥ በሲህዋ ግን ሊሞት የደረሰውን ሐይቅ አተነፈሰ። እንግዲህ «የባሕር ሙላት ማመንጫ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ብሎ መጠየቅ «ዝናብ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ብሎ እንደ መጠየቅ ነው። መልሱ ያለው በቦታው ነው። እኔ በበኩሌ እስከ ዛሬ ሕያው የሆነ የወንዝ አፍ ለአዲስ ግድብ ባይዘጋ፥ ተርባይን የሚተከልም ከሆነ እንደ ሲህዋ አስቀድሞ በተዘጋ ቦታ ላይ ቢሆን የተሻለ ነው እላለሁ። በእንግሊዝ አገር በሴቨርን ወንዝ አፍ ላይ 16 ኪሎ ሜትር የሚሆን ግድብ ለመሥራት የቀረበውን አሳብ መንግሥት በ2010 ሳይቀበለው ቀርቷል። ምክንያቱ በይበልጥ የገንዘብ ነገር ቢሆንም፥ ባሕሩ ሲጐድል በጭቃው ላይ ለሚመገቡት እልፍ አእላፍ ወፎች ግን ውሳኔው በጎ ነበር።

ግድብ ከተነሣ አይቀር የካናዳውንም መጥቀስ ይገባል። በኖቫ ስኮሺያ ክፍለ ሀገር አናፖሊስ ሮያል በተባለ ቦታ አንድ ተርባይን ያለው 20 ሜጋዋት ማመንጫ በ1984 ሥራ ጀመረ። ከወንዝ ወደ ባሕር፥ ከባሕር ወደ ወንዝ የሚመላለሱ ዓሦች በተርባይኑ ውስጥ ሲያልፉ ይጎዱ ነበር። በ2019 መሣሪያው ተበላሽቶ ቆመ፤ የካናዳ የዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤትም በዓሦች ላይ ከባድ ጉዳት የሚያደርስ ነው ብሎ ስለ ወሰነ ዳግመኛ ሥራ አልጀመረም። ይህ ፍርድ በ35ኛው ዓመት መጣ። ፍርዱ ትክክል ነው ብንል እንኳ፥ 35 ዓመት ለዓሣው እጅግ የዘገየ ነው። ስለዚህ ምርመራ ማለት ፈቃድ ለማግኘት አንድ ጊዜ ተጽፎ በመደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ መጽሐፍ መሆን የለበትም።

ግድብ የሌላቸው ተርባይኖች የሚያስነሡት ጥያቄ ሌላ ነው። በሰሜን አየርላንድ በስትራንግፎርድ መተላለፊያ በ2008 ሲጄን የሚባል 1.2 ሜጋዋት መሣሪያ ተተከለ። እያንዳንዳቸው 16 ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት መዘውሮች ነበሩት። ቦታው ሲል የሚባለው፥ አንዳንዶች በአማርኛ አቆስጣ የሚሉት የባሕር እንስሳ የሚኖርበት በሕግ የተጠበቀ ውሃ ነው። ስለዚህ መሣሪያው ከመተከሉ አስቀድሞ የእንስሳቱ ቍጥርና መመላለሻ ተጠና። ከተተከለም በኋላ በድምፅ ሞገድ የሚያይ ሶናር የተባለ መሣሪያ ውሃውን ይጠብቅ ነበር፤ አቆስጣ ሲቀርብ ተርባይኑ እንዲቆም ይደረጋል። በሦስት ዓመት ጥበቃ ከባድ ጉዳት አልተገኘም፤ እንስሳቱም በመተላለፊያው መመላለሳቸውን አላቋረጡም። መሣሪያው ጊዜውን ጨርሶ እስከ 2019 ከባሕሩ ተነሥቷል።

ይህን ሥራ እጅግ አደንቃለሁ። ሆኖም ከዚህ ውስጥ አንድ ረቂቅ ነገር አለ። አቆስጣው በቀረበ ቁጥር ተርባይኑ ከቆመ፥ ባይቆም ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበረ በምን ይታወቃል? እንስሳውን የጠበቀው ደንብ መልሱንም ሰወረው ማለት ነው። ይህን ለማወቅ የተቻለው በኋላ፥ በስኮትላንድ ሰሜናዊ ጫፍ በፔንትላንድ መተላለፊያ እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋዋት የሆኑ አራት ተርባይኖች ሲተከሉ ነው። ተመራማሪዎች በአቆስጣዎቹ ላይ ምልክት ሰጪ መሣሪያ አጣብቀው፥ ፖርፖይዝ የሚባለውን ከዶልፊን ወገን የሆነ ትንሽ እንስሳ ደግሞ በውሃ ውስጥ ድምፅ ማዳመጫ ተከታትለው፥ መዘውሩ በሚዞርበት ጊዜ እንስሳቱ አብዛኛውን ጊዜ ፈቀቅ ብለው እንደሚያልፉ አገኙ። ይህም ደስ የሚያሰኝ ወሬ ነው።

በባሕር ኀይል ጥናት የሚተባበሩ መንግሥታት በ2020 ባወጡት ዘገባ እስከዚያ ጊዜ ድረስ በባሕር ውስጥ ተርባይን ተመትቶ የታየ አጥቢ እንስሳ ወይም የባሕር ወፍ እንደሌለ ተጽፏል። ይሁን እንጂ አልታየም ማለት አልሆነም ማለት አይደለም። ውሃው ፈጣንና ደፍራሽ፥ ሌሊቱም ጨለማ ነው፤ የተተከሉትም ተርባይኖች ገና ጥቂቶች ናቸው። ዘበኛ የሌለበት ቤት «ሌባ አልታየበትም» ቢባል ማን ያምናል? እውነተኛው አነጋገር «ብዙ ጠበቅን፥ እስከ አሁን አላየንም፥ ጥበቃችንንም እንቀጥላለን» የሚለው ነው።

ወደ ነፋሱ መሣሪያ ልለፍ። በባሕር ላይ የመጀመሪያው የነፋስ ማመንጫ በ1991 በዴንማርክ በቪንደቢ 11 መሣሪያዎች ይዞ ተተከለ፤ በ2017 ተነቅሏል። ከዚያ ወዲህ ሥራው እጅግ ሰፍቷል። ከጉዳቱ የሚከፋው በተከላው ጊዜ የሚሆነው ነው። ታላላቆቹ የብረት ዐምዶች በመዶሻ ወደ ባሕሩ ወለል ሲመቱ የሚያሰሙት ድምፅ በውሃ ውስጥ ሩቅ ይሄዳል። ፖርፖይዝ ምግቡን የሚፈልገውም መንገዱን የሚያውቀውም በድምፅ ነውና፥ ከዚህ ድምፅ እስከ 20 ኪሎ ሜትር ድረስ ሲሸሽ ታይቷል። ጀርመኖች ይህን በልኬት ካረጋገጡ በኋላ ከመዶሻው 750 ሜትር ርቆ የሚለካው የአንዱ ምት ድምፅ ከ160 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ወሰኑ። ኢንጂነሮቹም በዐምዱ ዙሪያ ከባሕሩ ወለል የአየር አረፋ እየለቀቁ መጋረጃ መሥራትን ለመዱ፤ አረፋውም ድምፁን ያዳክመዋል። ልኬቱ ባይኖር ደንቡ ባልወጣ፥ ደንቡም ባይኖር መጋረጃው በሰፊው ሥራ ላይ ባልዋለ ነበር። ምርመራ የሥራ ጠላት ነው ለሚሉ ሁሉ ከዚህ የበለጠ መልስ አላውቅም።

ስለ ወፎች ዴንማርኮች ሁለት ትምህርት ሰጥተውናል። በ2003 በኒስቴድ 72 መሣሪያዎች ከቆሙ በኋላ አይደር የምትባለውን የባሕር ዳክዬ በራዳር ተከታተሉ። መንጋዎቹ ከሩቅ ዞረው ሲያልፉ ታዩ፤ ለመመታት በሚያሰጋ ቅርበት ያለፉት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር። በ2002 በሆርንስ ሬቭ 80 መሣሪያዎች በተተከሉበት ቦታ ግን አንዳንድ ጠላቂ ወፎች ቦታውን ትተው ሄዱ። አልተገደሉም፥ ከቤታቸው ግን ተባረሩ። እንግዲህ የሞተውን ብቻ የሚቈጥር የተሰደደውን ይረሳል። በሌላ በኩል ደግሞ በዐምዶቹ ላይ ሙስል የሚባለው ባለ ቅርፊት እንስሳ ይበቅላል፤ ዓሦች ይሰበሰባሉ፤ በሰሜን ባሕርም አቆስጣዎች ከዐምድ ወደ ዐምድ እየሄዱ ሲያድኑ በምልክት ሰጪ መሣሪያ ታይቷል። ለአንዱ ስደት የሆነው ለሌላው ማዕድ ሆነ።

ኤሌክትሪኩን ወደ ምድር የሚያመጣው ገመድም አልተረሳም። አንዳንድ ጠፍጣፋ ዓሦችና የሻርክ ወገኖች የኤሌክትሪክንና የማግኔትን ኀይል በሰውነታቸው ስለሚያውቁ፥ ገመዱ አጥር ይሆንባቸዋል ተብሎ ይፈራ ነበር። በአሜሪካ በኮኔቲከትና በሎንግ አይላንድ መካከል ባለው ገመድ ላይ ዓሦቹን በሰፊ መረብ ከልለው የተከታተሉ ሊቃውንት አካሄዳቸው እንደሚለወጥ፥ ገመዱ ግን ከማለፍ እንደማያግዳቸው ተገንዝበዋል። ፍርሃቱ ባዶ አልነበረም፤ እንደ ተፈራውም አልሆነም።

አንድ መሣሪያ ሲመረመር የማይታይ፥ መቶ ሲሆኑ ግን የሚመጣ ነገርም አለ። በካናዳ በፈንዲ ባሕር ሰርጥ ሙላቱ እስከ 16 ሜትር ይደርሳል። በ2008 የታተመ አንድ ስሌት ከሚናስ መተላለፊያ 7000 ሜጋዋት ያህል ሊወሰድ እንደሚቻል፥ ነገር ግን ይህን ያህል ቢወሰድ የባሕሩ ሙላት በሩቅ ጠረፍ ጭምር በብዙ እንደሚለወጥ አሳይቷል። 2500 ሜጋዋት ቢወሰድ ግን ለውጡ የትም ቦታ ከመቶ አምስት እጅ እንደማይበልጥ ያው ስሌት ያመለክታል። ይህ ስሌት የልከኝነትን ትርጉም በቍጥር ያስተምረናል። በመጀመሪያው መሣሪያ ጉዳት አልተገኘም ብሎ መቶውን በአንድ ጊዜ መትከል በማንኪያ የቀመሱትን መድኃኒት በእንስራ እንደ መጠጣት ነው።

ይህን ሁሉ የሰማ ሰው «እንግዲያስ ሁሉ ነገር ተጣርቶ እስኪታወቅ ምንም አይተከል» ቢል አልስማማም። በዚያው በኖቫ ስኮሺያ ተንሳፋፊ ተርባይን ሲሞክር የነበረ አንድ ኩባንያ ከዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤት ፈቃድ ማግኘት አልቻልሁም ብሎ በ2023 ሥራውን ትቷል። መሥሪያ ቤቱ በዓሦች ላይ የሚደርሰው አደጋ በሚገባ ሳይታወቅ መፍቀድ አልወደደም፤ ተርባይኑ ካልዞረ ደግሞ አደጋው ሊታወቅ አይችልም። ይህ «ዋና ሳትማር ውሃ እንዳትገባ» ብሎ እንደ መከልከል ነው። ክልከላውን የሚወድ ሰው ከሰሉ እስከዚያ ድረስ መንደዱን እንደማያቆም ያስታውስ።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት የሚበጀው መንገድ ይህ ነው። አንደኛ፥ መሣሪያ ከመተከሉ በፊት በቦታው ያለው ሕይወት በየወቅቱ ይቈጠር፤ መሣሪያ የማይተከልበት ተመሳሳይ ቦታም አብሮ ይቈጠር፤ አለዚያ የመሣሪያው ሥራና የአየሩ ለውጥ ሥራ አይለዩም። ሁለተኛ፥ በጥቂት ይጀመር፤ የሚጨመረውም ያለፈው ውጤት ታይቶ ይሁን፤ ጉዳት በታየ ጊዜም ማን እንደሚያቆመው አስቀድሞ በፈቃዱ ላይ ይጻፍ። ሦስተኛ፥ ለካፊው ከባለ መሣሪያው ደመወዝ የሚጠብቅ ብቻ አይሁን፤ የተገኘውም ቍጥር ለዓሣ አጥማጁም ለተማሪውም ሳይደበቅ ይታተም። አራተኛ፥ የመሣሪያው ጉዳት ለብቻው ሳይሆን፥ መሣሪያው ባይተከል በምትኩ ከሚቃጠለው ከሰል ጉዳት ጋር በአንድ ሚዛን ይቀመጥ። አምስተኛ፥ የሚተከል ሁሉ እንደ ቪንደቢና እንደ ሲጄን ሊነቀል የሚችል ይሁን፤ የሚነቀል ነገር ስሕተት ቢገኝበት ይታረማል፥ የተዘጋ የወንዝ አፍ ግን በቀላሉ አይመለስም።

ምናልባት አንዳንድ ወላጆች «ኢትዮጵያ ከ1993 ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላት፤ ይህ ለልጆቻችን ምን ያደርጋል?» ይሉ ይሆናል። መልሴ አጭር ነው። የእኛም ኤሌክትሪክ በአብዛኛው የሚመጣው ከውሃ ነው፤ በዚያም ውሃ ውስጥ ሕይወት አለ። በ2001 ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ማመንጫ ሥራ ከጀመረ በኋላ የፏፏቴው ውሃ በብዙ እንደ ቀነሰ ያየ ሁሉ ያውቃል። ብርሃን ያስፈልገን ነበር፤ ፏፏቴውም ያስፈልገን ነበር። አገራችንም የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቍጥር 299ን በ1995 ዓ.ም. አውጥታለች። አዋጅ ግን ብቻውን ዓሣ አይቈጥርም፤ የሚቈጥር ሰው ይፈልጋል።

ስለዚህ የክፍል ጓደኞቼ ሆይ፥ ሒሳብን ለፈተና ብቻ የምንማረው አይምሰለን። ከላይ የጠቀስኋቸው ደንቦች ሁሉ የተገኙት ወንዝ ዳር ቆሞ ወፍ በቈጠረ፥ ጀልባ ላይ አድሮ ድምፅ ባዳመጠ፥ ቍጥሩንም ሳያሳምር በመዝገብ ባሰፈረ ሰው ድካም ነው። የተከበራችሁ መምህሮቻችንም ከጥቍር ሰሌዳው አልፈን ወደ ወንዙና ወደ ሐይቁ ወርደን መቍጠርን እንድንለማመድ ምሩን። ወላጆቻችንም ልጃችሁ ቅዳሜ ጠዋት ደብተር ይዞ ወንዝ ዳር ቢቀመጥ ሥራ ፈታ አትበሉት። ነገ በአገራችን ውሃ ላይ አንድ ትልቅ ሥራ ሲታሰብ «ከመጀመሩ በፊት ምን ነበረ?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ መልሱም ያ ልጅ በያዘው ደብተር ውስጥ ሊገኝ ይችላል።

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ